ተማሪዬ የሠራችው ቺፕ

ጥቅምት 6
ጠዋት የሰርኪት ትምህርት ነበረኝ። ግማሹ ወንበር ባዶ። ስወጣ እሷ በምታስተምርበት ክፍል በኩል አለፍኩ... ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮት ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ሳቅ በሳቅ። ትራንዚስተር ምኑ ያስቃል?
እኔው ያስተማርኳት ልጅ። መበየጃ አያያዝ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አሁን ቢሮዋ ከቢሮዬ ጎን ነው።

ጥቅምት 9
የነደፈችው ቺፕ ከፋብሪካ መጣ። ከጥፍር አይበልጥም። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ እንደ አራስ ልጅ አቅፎ በየቢሮው አዞረው።
«እንኳን ደስ አለህ! ያንተው ፍሬ ናት» አለኝ።
ፈገግ አልኩ። በጥርሴ ብቻ። እኔ የነደፍኩት ፕሮሰሰር ስንት ዓመት ወረቀት ላይ ቀረ... የእሷ በአንዴ?
ባለቤቴ፣ «ምነው ፊትህ ተቋጠረ?»
«ራሴን አሞኝ ነው።»
«የልጅቷ ነገር ሲነሳ ነው የሚያምህ?»
ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ጥቅምት 14
ላብራቶሪ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ቺፑ ስሌት ሲበዛበት ቀጥ ይላል። ግራ ገባኝ፤ እስቲ ይዩልኝ።»
የኤሌክትሪኩን ሞገድ የሚያሳየውን ኦሲሎስኮፕ እንዳየሁ ገባኝ። ሥራ ሲከብደው ቮልቴጁ ለቅጽበት ይወርዳል። ቺፑ አጠገብ ኃይል የሚያጠራቅም አንድ ካፓሲተር ቢጨመር አለቀ።
«እኔም አልገባኝም» አልኳት።
ምን ነካኝ? ደስ ብሎኝ ነው እንዴ?... ትንሽ።

ጥቅምት 15
ቺፑን ዲፓርትመንቱን ለሚጎበኙ እንግዶች ልታሳይ ነበር። ሰርዛዋለች። ሄድኩ።
«ምነው?»
«እርስዎ ካልገባዎት ንድፉ ከሥሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። እንደ አዲስ ልጀምር።» ዓይኗ ቀልቷል።
ወንበር ሳብኩ።
«ቺፕሽ ደህና ነው። የሚወርደው ቮልቴጁ ነው። ትናንትም አይቼዋለሁ።»
«ትናንት?»
«ቀንቼብሽ ነው።»
መበየጃውን አነሳች። ላግዝ እጄን ብዘረጋ አልሰጠችኝም። ካፓሲተሩን ራሷ በየደች። ቺፑም ሠራ፣ አንዴም ሳይቆም።
አመሰግናለሁ አላለችም። ምን አድርጌ?

ጥቅምት 22
የተሰረዘው ዝግጅት ዛሬ ተካሄደ፤ እንግዶቹ መጡ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ... አሁንም እየቀናሁ።

ኅዳር 11
ከዚያ ወዲህ ከአንገት በላይ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ዛሬ በሬን አንኳኳች። አዲስ ንድፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።
«ዛሬ ግን ያዩትን ሁሉ ይነግሩኛል።»
«ሁሉንም።»
ሁለት ስህተት አገኘሁ። ነገርኳት። ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ዓይኔ ተተከለ... እኔን በፕሮሰሰሬ ላይ ዓመታት ያሰረኝን ቋጠሮ በሦስት መስመር ፈትታዋለች!
«ይሄን ምነው እኔ ባሰብኩት!» አልኩ ጮክ ብዬ።
ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር።