የድንቡሼ ቤት

ቅዳሜና እሁድ፣ የካቲት 14 እና 15። ደመናና ንፋስ፤ ዝናብ የለም። የነበርነው እኔ፣ ድንቡሼና ያንተ ድንኳን።

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ጉልበትህ እንዴት ሆነ? እኔስ ደክሞኛል። የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ውዬ ስመለስ ውሻህ ደጅ ተጋድማ፣ ምግቧን ዝንብ ወሮት አገኛለሁ። አንተ ውሻ የማይገባበት ፎቅ ላይ፣ ልጅህ ዘንድ ከገባህ ወዲህ እህል በአፏ አልዞር ብሏል። ድንቡሼነቷ ስሟ ላይ ብቻ ቀርቷል። "በላች ወይ?" ብለህ በደወልክ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ።

ስትሄድ "ሲመሽ 'ቤት!' በያት፤ ራሷ ትገባለች" ብለኸኝ ነበር። እላታለሁ። ተነስታ ግቢውን ትዞራለች፣ አጥር ለአጥር ታሸታለች፣ ተመልሳ እዚያው ደጅ ትተኛለች። ከሰው አልቆጠረችኝም ብዬ ሆድ ባሰኝ። ልጅህም "አክስቴ፣ ለአንድ የፋብሪካ ዘበኛ እንስጣት፤ አንቺም ትረፊ። ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ" አለኝ። እምቢ ማለቱም ደከመኝ።

ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ትየው ብዬ ነው አንተና እሷ ድንኳን ተክላችሁ ታድሩበት ወደነበረው፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ጫካ የወሰድኳት።

መግቢያው ላይ ጠባቂው አስቆመን።

"እናት፣ ውሻ በገመድ ነው የሚገባው።"

"ይኸው በገመድ ናት።"

"እሱንማ አየሁ። ማን ማንን እንዳሰረ ነው ያልገባኝ" አለና ሳቀ። ድንቡሼ ዓይኗ ተከፍቶ እየጎተተችኝ ነበር።

ከድንኳኑ ምሰሶዎች ጋር ስታገል ዋልኩ። ቀና ብሎ ሲቆምልኝ፣ ከልማድ "ቤት!" አልኳት። ቀጥ ብላ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። አንዴ ዞር ብላ ተኛች፣ አገጯን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ አየችኝ።

ለካ አንተ "ቤት" የምትላት ድንኳኑን ኖሯል! ስትታዘዘኝ ነው የከረመችው፤ ቤቱን ስትፈልግ። አንተ ረሳኸው፣ እኔ አላወቅሁት፤ መሀል ቤት እሷ ተራበች።

ጠባቂው ሲያልፍ "ብቻሽን ምን ያስቅሻል?" አለኝ። ማልቀሴን ለሳቅ ወስዶት ነው።

ልጅህን ሰኞ እንዳይመጣ ንገርልኝ። አንተ ግን ደረጃ መውረድ ስትችል ና፤ ቤቱ ለሦስት ይበቃል።

እሁድ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው። ድንኳኑን ነቀልኩ። አንሶላ በማጠፍ የምኖር ሴት፣ ከረጢቱ ውስጥ አልገባ ብሎኝ እንዲሁ ጠቅልዬ ተሸከምኩት። ድንቡሼ ያለ ገመድ ተከተለችኝ፤ እኔን ሳይሆን ቤቷን። እንደ ደረስን ቁጭ እንኳ ሳልል ጓሮ ተከልኩት። ሳህኗን ውስጥ አስቀመጥኩ። "ቤት!" አልኩ። ገባች። ጫማዬን አውልቄ ከጎኗ ጋደም አልኩ።

ወንድም ጋሼ፣ በላች።

እህትህ