ለእኔና ለአማቴ አንድ በር

ለውድ ወንድም ጋሼ ዊልፍሬድ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ኩላሊትህስ? እጥበቱ ትንሽ ቀለል አለህ ወይስ ያው ያደክምሃል? የዳርዊን ሙቀትና የሆስፒታሉ ምግብስ? እኛ ከእግሬ ቁርጥማት በቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ አትሳቅ! በማታ ትምህርት ከአስራ አንዳችን አንደኛ ወጥቻለሁ። አስተማሪዋ "ክላረንስ፣ እንዳንተ ያለ ተማሪ አላየሁም" ብላኛለች። ምስጋና መሆኑ ነው።

የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህርት ሚስ ሃርግሬቭ ተዛወረች። ለቅሶ ሲኖር ደወል የማታስደውለዋ፣ አማችና አማት መተያየትም መነጋገርም በወጋችን ነውር ነውና እኔና አማቴ ፊት ለፊት እንዳንተያይ ለስብሰባ የጓሮውን በር ከፍታ መሃል ላይ መጋረጃ የሰቀለችልን። አዲሱ ርእሰ መምህር ሚስተር ፕሪቻርድ ክፉ ሰው አይደለም። ግን የጓሮውን በር በመጽሐፍ ካርቶን ደፈነው፤ መጋረጃውንም አወረደ። "ሁላችንም ቤተሰብ ነን፤ ክብ ሠርተን እንቀመጥ" አለ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ስብሰባ ነበር። ልጆቹ ጠዋት ጠዋት በቋንቋችን የሚማሩት ይቀጥል ወይስ ይቅር፣ እጅ አውጥተን ልንወስን። የልጅ ልጄ ኢሶቤል በቋንቋችን ማንበብ ገና መጀመሯ ነው። ሁለት ገጽ ንግግር ጽፌ ነበር፤ ብትሰማው ታለቅስ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ አማቴ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ተቀምጣለች። ጀርባዬን ሰጥቼ ደርቄ ቀረሁ። እሷም እንዳትወጣ መውጫው እኔ የቆምኩበት ነው፤ በሻርፗ ተሸፈነች። ሚስተር ፕሪቻርድ "ግባ እንጂ ክላሪ፣ አማትህ አትነክስህም!" ብሎ ሳቀ። እንድትወጣ ብዬ በሩን ለቅቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እሷም ወጥታ ቤቷ ገባች። ስድስት ለአምስት፣ ትምህርቱ ቀረ።

በማግስቱ ውሳኔው ተለጠፈ። ማንም ሳያግዘኝ አነበብኩት። ከታች "ሁለት ሰዎች ፍላጎት ስለሌላቸው ጥለው ወጡ" ይላል። ላስረዳው ብሄድ ሚስተር ፕሪቻርድ ሻይ ቀድቶልኝ "ለከርሞ እናየዋለን" አለኝ።

ኢሶቤል አሁን ጠዋት ጠዋት መጽሐፏን ይዛ እኔ ጋ ትመጣለች፤ "አያቴ፣ አንተ አንደኛ ወጥተህ የለ? አንብብልኝ" ትላለች። እኔ የተማርኩት እንግሊዝኛውን ብቻ ነው። የቋንቋችንን አጻጻፍ ማን አሳየኝ? ገጹን እየገለጥኩ ስዕሉን አወራላታለሁ። ትናንት "እዚህ ጋ እንዲህ አይልም" አለችኝ። ምን ላድርግ ወንድም ጋሼ?

ለባለቤትህ ለሜቪስ፣ ለልጅህ ለዳሬልና ለሕፃኑ ሰላምታዬ ይድረስ። ሚስቴን ናፍቀሃታል። አማቴም በሚስቴ በኩል እግዜር ይማርህ ብላሃለች።

ታናሽ ወንድምህ ክላረንስ
ቡራዋንጂ፣ ሐሙስ ነሐሴ 14