ላፕቶፑ ከመርከቧ ይውረድ?

ይድረስ ለልቤ ሰው፣ ለአድማሱ፤ ነፍስህ ባለችበት ይድላት።

አንተ ከሄድክ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እኔ ደህና ነኝ። ጥቁሩን ልብስ ገና አላወለቅኩም፤ ግን እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሰው ሲነካኝም መልስ አላጣም። አፌ እንደምታውቀው ነው።

ቤታችንን ብታየው ደስ ይልህ ነበር። ሲያፈስ የነበረውን ጣሪያ አስጠግኜዋለሁ፤ የጓሮው እንሰትም አድጎ የመኝታ ቤቱን መስኮት ጋርዶታል። እናትህ አብረውኝ ናቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ቤቱን የሚያዙት አሁንም እሳቸው ናቸው። ያቺን አሮጌ የጭነት መኪናህን ወንድምህ ዘውዴ ይነዳታል፤ ከቦንጋ ዋጫ፣ ከዋጫ ቦንጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ደካ። ሰው ዛሬም «መርከቧ» ነው የሚላት። በክረምት ጭቃው ላይ ግራ ቀኝ እየዋለለች፣ ሸራዋ በነፋስ ተነፍቶ ስትመጣ አይተው የዋጫ ሰዎች ያወጡላት ስም እንዲህ ተጣብቆባት ቀረ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ላፕቶፑ ነው። ዘውዴ ከመርከቧ ላይ ይውረድ ብሎኛል።

ክፋት የለውም፣ ታውቀዋለህ። አንድ ቅዳሜ ደካ ላይ ተማሪዎቹ ለምነውት ላፕቶፑን ከመኪናዋ ባትሪ ጋር ሰካላቸው፤ ሳይነቅለው አደረ። በነጋታው ቢታ ገነት የሚሄደውን የሰው ቡና ጭኖ መኪናዋ አልነሳ አለች፤ መንገደኛው ሁሉ ተሰብስቦ ገፍቶ አስነሳት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ መረረው። ባትሪ ይበላል፣ ጉም ሲገባበት ይታመማል፣ በዚህ መንገድ እየተንገጫገጨ ዓመት አይከርምም፣ ቤት ይቀመጥና ለአድማሱ መታሰቢያ ይሁን አለኝ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።

እኔም አውርጄው ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በጥልፍ ጨርቅ ሸፈንኩት። እንግዳ ሲመጣ የአድማሱ ላፕቶፕ ነው እላለሁ፣ ከንፈር ይመጥጡልኛል። ከንፈር መምጠጡ ግን አናደደኝ። አንተ እኮ ከንፈር የሚመጠጥልህ ሰው አልነበርክም።

ያ መምህር ላፕቶፑን ሲሰጥህ አጠገብህ ነበርኩ። ከሩቅ አገር ተመድቦ ደካ ያስተምር የነበረው፣ የኮምፒዩተሩን ፊደላት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሳለ ተማሪዎቹን ጣታችሁን እዚህ አድርጉ የሚላቸው። ላፕቶፑ አሮጌ ነበር፣ ባትሪው ሞቷል፣ ደካ ደግሞ ያኔ መብራት አልነበረም። ተቀይሮ ሲሄድ ዕቃውን ጭነህ አደረስክለት፤ ያንተ መኪና መብራት አላትና እነዚህ ልጆች አንዴ እንኳ ይንኩት ብሎ፣ አጠቃቀሙን አሳይቶህ አደራ ሰጠህ። እኔ ወሬ መስሎኝ ነበር። አንተ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽቦ ቀጥለህ፣ ጋቢናውን ጠርገህ፣ ደካ ገበያ ዳር ከፈትከው።

ማሰሮ ውኃና ሳሙና ይዘህ መሄድህን ሳስብ ዛሬም ያስቀኛል። ምግብ የቀረበ ይመስል እያንዳንዱን ተማሪ አስታጥበህ ነበር የምታስነካው። ልጆቹም ከእርሻ የመጣ እጅ እንዴት አድርጎ ይነካዋል ብለው፣ ታጥበው ሲጨርሱ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘው ይሰለፋሉ። ጎጀብ መንገድ ላይ ዝናብ ገብቶበት አልበራ ያለ ጊዜ ደግሞ እናትህ ምን እንዳደረጉት ታስታውሳለህ? ለዘር እንደተቀመጠ በቆሎ ከምድጃው በላይ ቆጡ ላይ ሰቀሉት። አንተ ቦንጋ ጠጋኝ ፍለጋ ስትዞር፣ እሳቸው ሲያጨሱት ሰነበቱ። ክዳኑ ተጣሞ ሁለተኛ አልገጠመም፣ መልኩም የቆዳ መልክ ሆነ፤ ስትሰካው ግን በራ። በኋላ ያገኘኸው ጠጋኝ ጢሱን አሽትቶ የሳቀውን ሳቅ ለጎረቤት ሁሉ እያስመሰልክ ስትናገር ሰነበትክ።

በዚህ ዓመት ካገኘሁት ደስታ ሁሉ የሚበልጠውን ልንገርህ። ያቺ አለሚቱ የምትባለው፣ እጄን ሁለቴ ካልታጠብኩ የምትልህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ለእረፍት ስትመጣ ለቅሶ ልትደርሰኝ መጣች። መጀመሪያ ኮምፒዩተር ክፍል ያስገቧቸው ቀን ብዙ ልጅ ፈርቶ ሲቆም እሷ ውኃው የት ነው ብላ ጠየቀች። ሳቁባት። ከዚያ ቁጭ ብላ ስትጽፍ ሳቃቸው ቆመ። ይህን ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ የሐዘን ለቅሶ ግን አልነበረም። ባሌ ነው ያስተማራት ብዬ መንገድ ላይ ወጥቼ ብናገር እወድ ነበር። ለጎረቤቶቹማ ነግሬያቸዋለሁ።

እሷ የሄደች ዕለት ጨርቁን ገፍፌ ላፕቶፑን ለዘውዴ መለስኩለት። ባትሪ ይበላል ላለኝ፣ የጓሮውን ቀፎ ማር ሸጬ ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ገዛሁና ከወንበሩ ጀርባ አሳሰርኩ። የሚያስተምር የለም ላለኝ፣ እኔ አለሁ አልኩት። በረንዳ ላይ ቁጭ አድርገህ እየተጨቃጨቅን ያስተማርከኝ የላፕቶፕ አማርኛ አጻጻፍ አልጠፋኝም። ዓመት አይከርምም ላለኝስ? ምናልባት አይከርምም። ይሁን፣ መንገድ ላይ ይሙት። አንተም ሐኪም ተኛ እያለህ መሪ ጨብጠህ የሄድክ ሰው ነህ፤ ያንተን ዕቃ በጨርቅ ሸፍኜ እንዴት አስቀምጣለሁ? ሲሞት ሌላ አሮጌ እፈልጋለሁ።

መቃብርህ ላይ አበባ ተክያለሁ፣ ለሙት ዓመትህም ድግሱ ይደገሳል፤ ሰው የሚያደርገው አይቀርብህም። የእኔ ማስታወሻ ግን ይኸው የልጆቹ ትምህርት ነው፤ በሕይወት እስካለሁ፣ ጉልበቴም መርከቧ ላይ እስከወጣልኝ ድረስ አላቋርጠውም። አልረሳህም።

ይህን የጻፍኩልህ በላፕቶፑ ነው፣ ጋቢና ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌው። ደካ ነን። ዘውዴ የሱቅ ዕቃ እያወረደ ነው፣ ዝናቡም አባርቷል። የምነግርህ ገና ብዙ ነበር። ግን ልጆቹ ታጥበው ጨርሰው በር ላይ ቆመዋል፤ ተራው የእነሱ ነው፣ ልነሳላቸው።

ሙሉነሽህ