የገደሉ እርግማንና የእኔ አይጦች

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ የኔሰው፤

አባዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንዴት ሰነበቱልኝ? ክረምቱስ እንዴት ይዞዎታል? እንቅልፍዎ፣ ጉልበትዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? እማዬስ ወገቧን ተሻላት ወይስ ዛሬም ደህና ነኝ እያለች ትደብቃለች? ታናሿ እህቴ እሙስ ፈተናዋን እንዴት አድርጋ ጨረሰች? እኔ ልጅዎ ሰብሌ፣ የቀራንዮው መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከእናንተ ናፍቆት በቀር አንዳች የጎደለብኝ ነገር የለም። ያስቸገረን ዝናቡ ብቻ ነው፤ ከግቢያችን እስከ ታክሲው ድረስ ያለው ጭቃ ጫማ ያስቀራል።

ስልኩ እንቢ ስላለ ይህን ደብዳቤ የምልከው በአይሱዙ ነጂው በደሜ እጅ ነው። ደሜ ባለፈው ሳምንት ጭነት ይዞ አየር ጤና መጥቶ ነበርና የነገረኝን ስሰማ የያዝኩት ጉርሻ ከአፌ ቀረ። ፍልሰታ ሲፈታ ገዳም ሊገቡ ነው፣ በሬዎቹንም ለወንድምዎ ልጅ ሰጥተዋል አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ እርግማኑ በእኔ ይብቃ፣ ከቤቴ ርቄ ብሞት ለልጆቼ አይተርፍም ብለዋል አለኝ። አባዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ ነገር ተቆጥቻለሁ። ተቆጥቼም አልቅሻለሁ። ለመሆኑ እማዬን በዚህ ዕድሜዋ ለማን ጥለዋት ነው?

እርግማኑን አውቀዋለሁ። ቅድመ አያትዎ በድንበር ጉዳይ በሐሰት ምለው፣ የተበደለው ሰው አንተም ዘርህም ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ ብሎ እንደረገማቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግሁት። ከዚያ ቅድመ አያትዎ ገደል ገቡ፣ አያትዎ ገደል ገቡ፣ አባትዎም ገደል ገቡ። አሁን ደግሞ ጠላ እንኳ በአፍዎ ዞሮ የማያውቀው እርስዎ መንገዳገድ ሲጀምሩ፣ ገበያተኛው ሰክሮ ነው ሲል፣ እርስዎ ተራዬ ደረሰ አሉ።

ሥራዬን መቼም ያውቁታል። አከራዬ እትዬ አየለች የአይጥ እረኛ ይሉኛል፤ አብራኝ የምትኖረው ሶፊ ደግሞ ጋዋኔን ከአልጋዋ አጠገብ እንዳልሰቅል አስምላኛለች። በምሠራበት የምርምር ቤት ዘንድሮ የተሰጠኝ የሚንገዳገዱ አይጦችን ማጥናት ነው። እግራቸውን ቀለም እንቀባና በነጭ ወረቀት ላይ እናስኬዳቸዋለን። ጤነኛዋ ዱካዋን በአንድ መስመር ትታ ታልፋለች። የታመመችው ግን እግሯን ሰፋ አድርጋ፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያለች ነው የምትሄደው። ያንን ወረቀት መጀመሪያ ያየሁ ቀን ወደ መስኮቱ ወስጄ ደግሜ አየሁት። በደጃችን ጭቃ ላይ የማውቀው የእርስዎ ዱካ ነበር።

እነዚህን አይጦች ማንም አልረገማቸውም። ደግሞስ አይጥን በድንበር የሚያስምል ማን ነው? የታመሙት ዘረመላቸው ስለተበላሸ ነው። ዘረመል ማለት ከአባትና ከእናት የምንወርሰው፣ ሰውነታችን እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝ ጽሑፍ ነው ይበሉት። ይህ የአይጥ ዘረመል በእኛም ውስጥ አለ፤ ከማጅራት በላይ ያለችውን፣ እርምጃችንን የምታስተካክለውን ትንሽ የአንጎል ክፍል የሚያግዝ ነው። በድቁናዎ ጊዜ፣ እንቅልፍ ያዳፋው አንባቢ አንዲት ቃል ላይ ቆሞ እሷኑ ሲደጋግም ሰምተው ያውቁ የለም? በታመመውም ዘረመል ውስጥ አንዲት ቃል ያለ ልክ ተደጋግማ ተጽፋለች። በዚያ ስህተት የተሠራው ነገር አንጎል ውስጥ እየጓጎለ ይከማችና ቀስ በቀስ ያደክመዋል። ስህተቱ ከወላጅ ለልጅ ይተላለፋል፤ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ጥር ላይ መጥቼ ለምርመራ ደም የወሰድኩብዎ ጊዜ፣ ለአክስቴ ልጅ ጋብቻ ሽማግሎቹ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ እኔ ጥግ ይዤ ስሙን ሁሉ በደብተር ገልብጬ ነበር። ያንን በሥርዓት ጽፌ ለአለቃዬ ለዶክተር ሀያቱ ሰጠሁ። የታመመ በሚለው ቦታ ከእርስዎ ስም በቀር ምንም የለም፤ ሦስቱን በአደጋ የሞቱ ብዬ አለፍኳቸው። ዶክተር ሀያቱ ትኩር ብለው አዩና ከአንድ ቤት አባትና ልጅ ተከታትሎ እንዴት ገደል ይገባል አሉኝ። እኔ ሆዬ፣ ዶክተር አገሩ እኮ ገደል ነው አልኳቸው! ከት ብለው ሳቁና ታዲያ ጎረቤቶቻችሁ ለምን አይገቡም አሉ። እውነት ነው፤ አፋፉ ላይ ቤት የሠሩት እነ አያ ገረሱ እንኳ አንድ ሰው አልገባባቸውም። አባቶቻችንን ገደል የከተታቸው ይኸው መንገዳገድ ነው። ታመዋል ብሎ ያሰበላቸው ግን አልነበረም፣ የተማርኩት እኔም ጭምር።

የደሙ ውጤት በዚህ ወር መግቢያ ላይ ከውጭ አገር መጣ። የእርስዎም ሕመም ከዚያው ዘረመል ነው። መድኃኒት ተገኝቷል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ገና ነው። ግን አይጦቹ ላይ የተበላሸውን ጽሑፍ በጊዜ ዝም ስናሰኘው አካሄዳቸው እንደሚሻሻል በዓይኔ አይቻለሁ። ለሰው መድረሱ አይቀርም። እስከዚያው እግሩ ጎማ የለበሰ ዱላ ልኬልዎታለሁና ይያዙት፣ አይኩሩብኝ! የገደሉንም አቋራጭ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት።

የቀረውን ተቀምጠው ያንብቡልኝ። ያን ጊዜ ከእርስዎ ደም ጋር የራሴንም ልኬ ነበር። እኔም አለብኝ፣ አባዬ። ዛሬ ምንም አይሰማኝም፤ ታክሲ ሮጬ ነው የምይዘው። ምናልባት በእርስዎ ዕድሜ ይጀምረኝ ይሆናል። ሁለት ቀን አለቀስኩ፣ ሶፊም እጄን ይዛ ጸለየችልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተነስቼ ሥራ ገባሁ። የምነግርዎ ላስጨንቅዎ አይደለም። ገዳም ቢገቡ ከእኔ ላይ የሚያነሱልኝ ነገር የለም ብዬ ነው፤ የወረስኩትን የወረስኩት ገና ሳልወለድ ነው። ወይስ እኔን ሰብሌን፣ አንቺ የተረገምሽ ነሽ ይሉኛል? አፍዎ እንደማይደፍረው አውቃለሁ። እንግዲያው በራስዎም ላይ አይበሉት።

ልጄን ልርዳት ካሉ የምፈልገው ሌላ ነው። በቤትዎ፣ በሰው መካከል፣ ዱላዎን ይዘው ሳያፍሩ ሲኖሩ ልይዎት። የእኔ ተራ ሲደርስ እንዴት እንደሚኖር ከማን እማራለሁ?

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ የእኔን ነገር ግን ራሴ መጥቼ እስክነግራት ይያዙልኝ። እሙን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ አድጋ ልመርመር ካለች ትመርመር፣ አልፈልግም ካለችም ማንም አያስገድዳት። አያ ገረሱንና ቤተሰባቸውን በያሉበት እንዴት ናችሁ ይበሉልኝ። የነፍስ አባትዎንም መስቀላቸውን ተሳልሜያለሁ፤ ጸሎቱንም ጸበሉንም አልጠላሁም፣ የጠላሁት መሄድዎን ነው።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት እመጣለሁ። ቤትዎ አገኝዎታለሁ።

አፈኛዋ ልጅዎ
ሰብሌ የኔሰው

ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.