የፊልም መክፈቻ ባለሙያዋ ወይዘሮ ሉድዊካ ኦስትቢ

ወይዘሮ ሉድዊካ ኦስትቢ ከአባታቸው ከአቶ ስታኒስላቭ ሶብቻክና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብሮኒስላቫ ዱዳ እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1939 በሚሺጋን ግዛት በሃምትራምክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በሰፈሩ ሲኒማ ቤት ትኬት ይሸጡ ነበር። ቤት ልጅ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ሉድዊካ ከትምህርት ቤት መልስ የሚያመሹት በሲኒማ ቤቱ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። አንዱ ፊልም ሳምንቱን ሙሉ ስለሚታይ እሱን ማየት ትተው ተመልካቹን ማየት ያዙ። ሰው ካፖርቱን አውልቆ፣ ፈንዲሻውን ጭኑ ላይ አደላድሎ፣ ከጎኑ ካለው ጋር የያዘውን ወሬ የሚያቋርጠው የትኛው ምስል ሲመጣ እንደሆነ ለይተው ያውቁ ነበር። እናታቸው "አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ፤ ሰው ላይ አይፈጠጥም!" እያሉ ይቆጧቸው እንደነበር ሁልጊዜ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1957 ጨርሰው ሎስ አንጀለስ ወደሚኖሩት አክስታቸው ሄዱ። በማታው ክፍለ ጊዜ የፊልም ቅንብር ተምረው በ1960 በርባንክ በምትባል ከተማ በረዳት ኤዲተርነት ተቀጠሩ። ፊልም በእጅ ተቆርጦ በማጣበቂያ የሚቀጠልበት ዘመን ነበር።

ከባለቤታቸው ከድምፅ ቀጂው ከአቶ ሃርላን ኦስትቢ ጋር የተዋወቁት በሥራ ጠብ ነው። ሉድዊካ አንድን ፊልም ሲያቀናብሩ የባቡሩን ድምፅ ከምስሉ አስቀድመው፣ ገና ምንም በማይታይበት ጨለማ ላይ አስገቡት። ሃርላን በሩን በርግደው ገቡ፦ "ሴትዮ፣ ባቡሬ ቀድሞ ገባ እኮ! ተሳስተሻል።"

"አልተሳሳትኩም። ምን መጣ ብሎ ሰው ይጠይቅ እንጂ።"

ሃርላን ቁጭ ብለው መክፈቻውን ደጋግመው አዩት። ከዚያ "ምሳ በልተሻል?" ብቻ አሉ። በ1964 በቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ ኢንግሪድንና ካሲሚርን ወለዱ።

በ1974 ሉድዊካ፣ ዳይሬክተር ሮላንድ ቲግ ስለ አንድ የወንዝ ዳር ከተማና ስለ ድልድይዋ መፍረስ የሠሩትን ፊልም አቀናበሩ። ፊልሙ የሚጀምረው ከተማዋን ከላይ እያሳየ ታሪኳን በሚተርክ ረጅም ንግግር ነበር፤ ለሙከራ ሲታይ ሰው እየሳለ፣ እየተነሳ ወጣ። ሉድዊካ ንግግሩን አወጡና የድልድዩን መፍረስ ከመጨረሻው አምጥተው መጀመሪያ ላይ አደረጉት። በሁለተኛው ሙከራ ተመልካቹ ከወንበሩ ዘለለ፤ ቲግም ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ግንባራቸውን ሳሟቸው። ፊልሙ ለሕዝብ ሲወጣ ግን ከሰረ። ሉድዊካ ምክንያቱን ለማወቅ ፓሳዴና ከተማ ወዳለ ሲኒማ ቤት ሄደው ከሰው መሐል ተቀምጠው ሲያዩ፣ ከፊታቸው ያለ ሰውዬ ለሚስቱ "ድልድዩን አፍርሰው ጨረሱት እኮ፤ ከእንግዲህ ምን ልጠብቅ?" ሲል ሰሙ። ከዚያ በኋላ "መክፈቻ ማለት ለተመልካች ቃል መግባት ነው፤ እኔ ግን ያለኝን ሁሉ በር ላይ በተንኩት" ይሉ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ፤ ቤተሰቡ በሃርላን ደመወዝ ብቻ ኖረ።

ከ1981 ጀምሮ ከቅንብር ሥራቸው ጎን ለጎን ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸውን ሲኒማ ቤት ይወስዱና ጀርባቸውን ለሸራው አሰጥተው ተመልካቹን ያሳዩአቸው ነበር። አንድ ተማሪ "ቦታውን መጀመሪያ ካላስተዋወቅን ሰው ግራ አይገባውም?" ቢላቸው "የተቆለፈ በር የምትደበድብ ሴት አሳየኝ፤ የከተማውን ስም ማን ይጠይቅሃል?" አሉት። ይህ ግን ብልጭልጭ ነገር ይወዱ ነበር ማለት አይደለም። ያለ ምክንያት መኪና ሲፈነዳ ካዩ ሰልችቷቸው ወዲያው ሰዓታቸውን ያዩ ነበር።

አቶ ሃርላን በ2009 የመርሳት ሕመም ያዛቸው። ዘጋቢ ፊልም የምትሠራው ልጃቸው ኢንግሪድ በአባቷ ፈቃድ ሕመማቸውን ስትቀርጽ ቆየች፤ በ2012 ሲያርፉም እናቷን አብረን እናቀናብረው አለቻቸው። ኢንግሪድ ለመክፈቻ የመረጠችው አባቷ ቁርስ ላይ ሚስታቸውን አይተው "ይቺ ሴት ማናት?" የሚሉበትን ነበር። ሉድዊካ እምቢ አሉ።

"እማዬ፣ ራስሽ ያስተማርሽኝ እኮ ነው! ይህን ያየ ሰው ከወንበሩ አይነሳም።"

"አይነሳም፤ አውቃለሁ። ግን አባትሽን ከዚህ ጀምሮ ያወቀ ሰው፣ በሽተኛውን እንጂ አባትሽን አያይልሽም።"

እናትና ልጅ ተኮራርፈው ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ ሉድዊካ ሃርላን በወጣትነታቸው ቀድተው ጋራዥ ውስጥ ከተዉት የድምፅ ቴፕ ክሮች አንዱን ይዘው ኢንግሪድ ቤት ሄዱና አሰሟት። ፊልሙ አሁን የሚከፈተው በዚያ ነው፤ ሸራው ጥቁር ነው፣ ዝናብ ይሰማል። "ሉ፣ እባክሽ ብስኩቱን ተይው፤ ዝናቡን እየቀዳሁ ነው" ይሏቸዋል ሃርላን ሚስታቸውን። ቀጥሎ ብስኩት ይሰበራል። "ሉ!" ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ የሚመጣው ምስል ያረጁት ሃርላን በመስኮት ዝናብ ሲያዩ ነው። ፊልሙ መጀመሪያ በታየበት በሚኒያፖሊስ አዳራሹ በጨለማው ውስጥ ሳቀ፤ ምስሉ ሲመጣ ጸጥ አለ። ኢንግሪድ የእናቷን እጅ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም። የቁርሱም ትዕይንት ከፊልሙ አልወጣም። ሰው ሃርላንን ከወደዳቸው በኋላ እንዲመጣ ብቻ ተደረገ።

ወይዘሮ ሉድዊካ ከ2021 ጀምሮ በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻው ጠዋት ኢንግሪድ መዝሙረ ዳዊት በፖላንድኛ ስታነብላቸው "ቀስ በይ፤ ማን ያባርርሻል?" አሏት። እሷም እንደገና ከመጀመሪያው ቀስ ብላ ጀመረች፤ ሳትጨርሰው እናቷ አረፉ። ዕለቱ ኖቬምበር 9 ቀን 2023 ነበር፤ ዕድሜያቸውም ሰማንያ አራት።

ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እኅታቸው ወይዘሮ ያድቪጋ ዛሬ ከባለቤታቸው ከአቶ ሃርላን መቃብር ጎን ያሳርፏቸዋል። በድካማቸው ሁሉ ያልተለያቸው አምላክ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበልልን፤ በቤታቸው የጎደለውንም እርሱ በፍቅር ይሙላው። አሜን።