ለሌላ ሰው የተሰጠኝ ይቅርታ

ረቡዕ፣ የካቲት 14

ለልጄ እናት፣ ለምወድሽ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ልጃችን የፊት ጥርሷ ወልቆ «ሰ» ማለት አቅቷታል፤ ስስቅባት ትቆጣና ራሷም ትስቃለች። ፀጉሯን መጎንጎን ገና አልቻልኩበትም። አስተማሪዋ «ማነው እንዲህ የጎነጎነሽ?» ብትላት «አባዬ ነው፤ አትፍረጂበት፣ እሱ የሚያውቀው ጎማ ነው» አለቻት አሉ።

አዎ፣ አሁን ጎሚስታ ቤት ነው የምሠራው። መንጃ ፈቃዴን ስቀማ የምነዳውን አውቶቡስ ለሌላ ሰው ሰጡት። ቀኑን ሙሉ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። የድሮ ባልደረቦቼ ጎማ ሊያስነፉ ሲመጡ ዓይኔን ላለማየት ስልካቸውን ይነካካሉ። አሮጊት ገጭቶ ካደ ነው የምባለው።

አትቆጪኝ፣ ዛሬ ልናገረው። ያን ቀን ከእናትሽ ቤት ስንመለስ ወንድምሽ «አንተ ሁልጊዜ ስትነዳ ነው የምትውለው፣ ዛሬ እኔ ልንዳ» ብሎ የመኪናውን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ። አንቺ ከጎኑ ተቀመጥሽ። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ልጃችን ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ልብስ ሰፊዋ እማማ መንገድ ሲሻገሩ ነው የገጫቸው። እኔ ዘልዬ ወርጄ እሳቸውን ሳነሳ ወንድምሽ ከመሪው ወርዶ ዳር ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ እጁ ደም ሆኖ ያገኘው እኔን ነው።

ፖሊሱ «ማን ነበር የሚነዳው?» ሲልሽ ወንድምሽን አየሽው። ቀጥለሽ እኔን አየሽኝ። «ባለቤቴ» አልሽ።

ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። የወንድምሽ የውጭ ጉዞ ደርሶ ነበር፤ ክስ ካለበት አይወጣም። ቤት ስንገባ እግሬ ላይ ወድቀሽ «እሱ ይሂድልኝ እንጂ እውነቱን እናገራለሁ» አልሽኝ። እሱ ሄደ። አንቺ አልተናገርሽም። ይባስ ብለሽ ልጃችንን ለእኔ ትተሽ ተከተልሽው። ፍርድ ቤት ቆሜ «እኔ አልነዳሁም» ስል ዳኛው «የመሰከረችብህ እኮ የገዛ ሚስትህ ናት» አለኝ። ቄሱም «ልጄ፣ ንስሐ ግባ» ሲሉኝ መዝሙሩንም ቤተ ክርስቲያኑንም ጥዬ ወጣሁ። እግዚአብሔርን አኮረፍኩት። እሱም እንዳንቺ እያየ ዝም ያለኝ መሰለኝ።

ባለፈው ወር እማማ ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሊጠይቅ እንደሚሄድ ሰው አልሄድኩም፤ ስሜን ላጸዳ ነው የሄድኩት። ክራንቻቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው የስፌት መኪናውን መርገጥ ስለማይችል በእጃቸው ቁልፍ ይተክላሉ። ገና ከበሩ ሳልገባ፣

«መጣህ ልጄ? ስጠብቅህ ነበር እኮ። ይቅር ብዬሃለሁ» አሉኝ።

«እማማ፣ የነዳሁት እኔ አይደለሁም።»

መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ትክ ብለው አዩኝ።

«እውነትህን ነው?»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።»

«እንግዲያው ያ የነዳው ልጅ ይቅር መባሉን አልሰማም ማለት ነው። እንዴት ይተኛ ይሆን? በል፣ ታውቀው የለ፣ አድርስልኝ።»

«እኔ ላድርስለት? እኔን ማን ይካሰኝ እማማ?»

«እኔንስ ማን ካሰኝ?» ብለው ሳቁ። «ጌታ እኔን ሲምረኝ ጥሩ ሴት ስለሆንኩ መሰለህ?»

ደሜ ፈልቶ ወጣሁ። ስሜን ላስመልስ ሄጄ ተላላኪ ሆኜ መመለሴ! አላደርስም ብዬ ማልኩ። ግን ንግግራቸው አላስቀምጥ አለኝ። ሳልወድ በግዴ መጸለይ ጀመርኩ፤ በ«አባታችን ሆይ» ውስጥ የበደሉንን ይቅር የምንልበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። ንጹሕ እኔ፣ ይቅርታ የሚያስፈልገው ሌላው፤ እንዲህ ነበር ሂሳቤ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ጎማ እየፈታሁ ወንድምሽ ትዝ አለኝ። ልረግመው ስል ፊቱ መጣብኝ፤ ያ ዳር ቆሞ የሚንቀጠቀጠው ፊቱ። አዘንኩለት። ወዲያው ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር ገባኝ። እግዚአብሔር የያዘኝ ንጹሕ ስለሆንኩ አይደለም። ልቤ መርሮ፣ አኩርፌው፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ሳለሁም አልለቀቀኝም። ጸጋ፣ ጸጋ እያልኩ ስንት ዘመን ዘምሬያለሁ! የቀመስኩት ግን ትናንት፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ ነው። አለቀስኩ፤ ከዚያ ሳቄ መጣ። አሠሪዬ ደንግጦ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

«ደስ ብሎኝ ነው።»

«በዚህ ሥራ?» አለና ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ሁሉም ነገር አለፈ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ያመኛል። «ባለቤቴ» ስትይኝ ድሮ ልቤ ይሞቅ ነበር፤ አሁን ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ እንኳ እደነግጣለሁ። ያን ሙቀት ወንድምሽ አይደለም የወሰደብኝ።

ለወንድምሽ ንገሪው፤ እማማ ይቅር ብለውታል። እኔም ይቅር ብዬዋለሁ። ለእማማ አንድ ቃል ይጻፍላቸው፤ ደስ ይላቸዋል።

ላንቺ የሚሆነውን ይቅርታ ግን በወረቀት መላክ አልቻልኩም። ስትመጪ በአፌ እነግርሻለሁ።

ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ከለላ ይሁንሽ። ብርዱን ያቅልልልሽ፣ ሰላም የሞላበት እንቅልፍ ይስጥሽ፣ እውነቱን የምትናገሪበትንም ጉልበት አይንፈግሽ።

ባልሽ