ስለ ውሻሽ ግጥም

ኢልሃም፣

ሰንበቴ ገበያ ሄጃለሁ። ወጡን አሙቀሽ ብዪ።

ለተማሪዎችሽ የጻፍሽውን ግጥም የሰፈሩ ልጆች ደጄ ላይ ሲያወርዱት ሰማሁ። ውሻው ነው አሉ የሚናገረው፦

«እትዬ ዘሊካ ታንኮራፋለች ሞቋት ተኝታ፣
እኔ አስብላታለሁ በሯ ላይ ቆሜ ማታ ማታ።»

ውሻ ነው ይህን የነገረሽ? ወላሂ፣ ውሻ የሚያስበው አጥንት ብቻ ነው። የምታንኮራፊውማ አንቺ ነሽ፣ በክፍሎቻችን መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው።

ውሻውን ያበላሽበትን የእኛን ሳህን ሃይማኖታችን እንደሚያዘው ሰባቴ አጥቤዋለሁ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር። ቢሆንም አልበላበትም፣ ለሱ ይሁን።

ተናድጄ ጫማ ወርውሬበታለሁ። ግጥሙን የጻፍሽው አንቺ፣ ጫማው ያረፈው እሱ ላይ።
እግሩን እይው።

ዝናብ ከመጣ በረንዳው ላይ ይተኛ።
ይህን ግን ግጥም ውስጥ እንዳታስገቢው።

ዘሊካ